‹‹አባባ፣ አንቱስ ተወዳድረው ያውቃሉ?››

ቅዳሜ ነበር፤ የላሊበላ ገበያ ቀን። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የአሥራ ሦስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ቅንድቡ ተሰንጥቆ፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዶ፣ ግራ እጁን በቀኙ ደግፎ ከደጃፉ ቆመ። አያቱ ‹‹ውይ ልጄን!›› ብላ ውኃ ልታሞቅ ወደ ማድቤት ገባች። እኔ ‹‹ማን መታህ?›› አልሁት።

‹‹ማንም አልመታኝም አባባ። ባጃጅ ተገልብጦ ነው።››

ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። የሰፈር ጎረምሶች በሦስት ባጃጅ ሆነው ከከተማው ወደ ሽምሽሃ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወርደው አስፋልት ላይ እሽቅድምድም ገጥመዋል። የእኔው ልጅ በሁለተኛው ባጃጅ ከኋላ ተቀምጦ መካሪ ሆኗል። ‹‹ተጠጋው! ተጠጋው!›› የሚለው እሱ ነው። የፊተኛው በግ አይቶ ፍሬን ሲይዝ የኋለኛው የሚቆምበት ቦታ አጣ። ‹‹ድራፍቲንግ እኮ ነው አባባ›› አለኝ ደሙን እየጠረገ፤ ‹‹የፊተኛው ነፋሱን ይሰብራል፣ የኋለኛው ይፈጥናል። በስልክ አይቼው ነው።››

ከዘራዬን አነሣሁ። ልመታው ብዬ እጄ አየር ላይ ቀረ። ለምን እንደቀረ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት መሪ ጨብጬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ወልድያ፣ ድልብ፣ ጋሸና፣ ላሊበላ፤ ክረምት ከበጋ ያው መንገድ ነው። ስለ መኪና የሚነግረኝ ሰው አለ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ስልኩን ቀማሁት። በአራተኛው ቀን ከጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። ያን ጊዜ መቀማቱ እንደማያዋጣ ገባኝና ‹‹ና፣ አብረን እንየው›› አልሁት።

የሚያየው ናስካር የሚባለውን የአሜሪካኖች የመኪና እሽቅድምድም ነው። ለጥያቄዎቹ አንድ ደብተር ያዝን። እሱ ይጽፋል፤ እኔ የማውቀውን እመልሳለሁ፤ የማላውቀውን ደግሞ ሰሜን ካሮላይና የጭነት መኪና የሚነዳውን የወንድሜን ልጅ በስልክ እንጠይቀዋለን። አገሩ የዚህ እሽቅድምድም እናት ናት ይላሉ። ሁለት ወር ሞላን። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ጠያቂ ያላችሁ ወላጆችና አያቶች ትኖራላችሁና፣ ከደብተሩ ዋና ዋናዎቹን ላካፍላችሁ።

‹‹ስቶክ ካር›› ማለት የሱቅ መኪና ነው?

ስሙስ እንደዚያ ነው፤ ከመደብር እንደተገዛ ያለ፣ ያልተነካካ መኪና ማለት ነው። ታሪኩን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ መነሻው አረቄ ነው። በደቡብ አሜሪካ ሳይሆን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ተራራማ ቀበሌዎች፣ ሰዎች መጠጥ በድብቅ ያወጡ ነበር። ያንን አረቄ በሌሊት ወደ ከተማ የሚያደርሱት ሹፌሮች ናቸው። መኪናቸው ከውጭ ሲያዩት የማንም ሰው መኪና ይመስላል፤ ኮፈኑን ሲከፍቱት ግን ሞተሩ ሌላ ነው። ፖሊስ እንዳይዛቸው ነው። እነዚህ ሰዎች ‹‹ከእኔና ከአንተ ማን ይፈጥናል?›› መባባል ጀመሩ፤ እሑድ እሑድ በየሜዳው ይወዳደሩም ጀመር።

እ.ኤ.አ. በ1948 ቢል ፍራንስ የሚባል ሰው በፍሎሪዳ፣ ዴይቶና ቢች ላይ ሹፌሮቹንና ባለመኪኖቹን ሰብስቦ ናስካርን አቋቋመ። የዋናው ውድድር የመጀመሪያ ዙር ሰኔ 19 ቀን 1949 (እ.ኤ.አ.) ሻርሎት በተባለው ከተማ በአቧራ መንገድ ላይ ተካሄደ። ግሌን ዳናዌይ የሚባል ሹፌር አንደኛ ገባ። ሲመረመር ግን የኋላ ባሌስትራው እንደ አረቄ ጫኞቹ መኪና ተነካክቶ ተገኘ። ድሉ ተሰርዞ ጂም ሮፐር የተባለው ሰው አሸናፊ ሆነ።

‹‹አንደኛ ወጥቶ ቀሙት?›› አለ ልጁ።

‹‹ቀሙት›› አልሁት። የውድድሩ የመጀመሪያ ቀን የመጀመሪያ ዜና ይኸው ነው፤ ቀድሞ መግባት ብቻውን ማሸነፍ አልሆነም።

ዛሬ መኪኖቹ ከሱቅ የሚገዙ አይደሉም። መልካቸው ቶዮታ፣ ፎርድ፣ ሼቭሮሌት ይመስላል እንጂ ውስጣቸው በብረት ቱቦ የታጠረ፣ ለእሽቅድምድም ብቻ የተሠራ ነው። በራቸው እንኳ አይከፈትም። ሹፌሩ የሚገባውም የሚወጣውም በመስኮት ነው።

ክብ ብቻ ሲዞሩ ምኑ ይከብዳል?

ይህን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ለላስታ ሹፌር ክብ ሜዳ መዞር ሥራ አይመስልም። እኛ ቀኙ ገደል፣ ግራው ገደል በሆነ ኩርባ፣ ጉም ውስጥ፣ የሚመጣውን መኪና በክላክስ ድምፅ ብቻ አውቀን ነው የኖርነው።

በኋላ ግን አንገቴን ደፋሁ። የዴይቶናው ሜዳ አንድ ዙሩ 4 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሱታል። ኩርባው ላይ መሬቱ ጠፍጣፋ ሳይሆን 31 ዲግሪ ወደ ውስጥ ያጋደለ ነው፤ ሰው በእግሩ ሲወጣው ያለከልካል። መኪናው ሲዞር ወደ ውጭ መወርወር ይፈልጋልና መሬቱ ራሱ ወደ ውስጥ እንዲመልሰው ነው። መሐንዲስ ያልነካው የእኛ ጥርጊያ አንዳንዱ ኩርባ ደግሞ ወደ ገደሉ ያጋደለ ነው። ለዚህ ነው በዚያ ሜዳ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚቻለው፣ በእኛ ኩርባ ግን 30ው የሚበዛው።

ትልቁ የዴይቶና ውድድር 200 ዙር፣ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ አድርገን ላሊበላ ስንገባ የምንነዳው ወደ 700 ኪሎ ሜትር ነው። እኛ ሁለት ቀን የምንጓዘውን እነሱ ከአራት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሱታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ጊዜ ዓይን መጨፈን የለም። አጠገባቸው ያለው መኪና በክንድ ርቀት ነው።

ባንዲራዎቹ ምንድን ናቸው?

አረንጓዴ ሲውለበለብ ውድድሩ ተጀምሯል። ነጭ ማለት አንድ ዙር ቀረ ማለት ነው። ጥቁርና ነጭ ዳማ የመሰለው ሲውለበለብ አለቀ። ቀይ ከወጣ ሁሉም ይቆማል። ሰማያዊ ላይ ቢጫ መስመር ያለበት ‹‹ከኋላህ ፈጣን እየመጣ ነው፤ መንገድ ልቀቅ›› ይላል። ጥቁር ባንዲራ ለአንድ ሹፌር ብቻ የሚታይ ነው፤ ‹‹ጥፋት አለብህ ወይም መኪናህ ተበላሽቷል፤ ውጣ›› ማለት ነው። እምቢ ቢል ነጭ መስቀል ያለበት ጥቁር ይወጣበታል። ከዚያ ወዲያ ቢዞርም ዙሩ አይቆጠርለትም።

እኔን የገረመኝ ቢጫው ነው። አደጋ ሲደርስ ወይም ሜዳው ላይ አንድ ነገር ሲወድቅ ቢጫ ይውለበለባል፤ መሪ መኪና ይገባል፤ ሁሉም ከኋላው ተሰልፎ ቀስ ይላል። መቅደም ክልክል ነው። አንደኛው ሁለት መቶ ሜትር ቀድሞ ከነበረም ያ ርቀት ይጠፋበታል፤ ሁሉም ከኋላው ይደርሱበታል። አይከራከርም። ድሮ ቢጫ ከወጣ በኋላም እስከ መስመሩ ድረስ ተሽቀዳድሞ መድረስ ይፈቀድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የአንድ ሹፌር መኪና ተጋጭቶ ሜዳው መካከል ቆሞ ሳለ ሌሎቹ በሙሉ ፍጥነት ሲመጡበት ዓለም አየ። ከዚያ ወዲያ ቢጫ እንደወጣ ሁሉም ባለበት ደረጃ እንዲጸና ተደነገገ።

‹‹የእኛስ አገር ቢጫ ባንዲራ ምንድን ነው?›› አልሁት።

አሰበና ‹‹ቅጠል!›› አለ።

ልጁ ልክ ነው። መኪና ሲበላሽብን ከኩርባው ወዲያና ወዲህ ቅጠል ቆርጠን አስፋልት ላይ እንጥላለን። ቅጠል ያየ ሹፌር ማርሽ ይቀንሳል። ማንም ሳያስገድደው የሚታዘዘው የሹፌር ሕግ ነው። መኪናው ከተሠራ በኋላ ቅጠሉንና ለማስደገፊያ የተቀመጠውን ድንጋይ ማንሣትም የዚያው ሕግ ክፍል ነው፤ ይህን የሚረሳ ሞልቷል።

ድራፍቲንግስ እውነት ነው?

እውነት ነው። በደጋው ነፋስ ከበቅሎ ኋላ ተጠግቶ የሄደ ሰው ያውቀዋል። የፊተኛው መኪና አየሩን ሲሰነጥቅ ከኋላው ክፍተት ይፈጠራል፤ የተጠጋው መኪና በዚያ ውስጥ ሲገባ ይቀለዋል፤ የፊተኛውም ከጀርባው የሚጎትተው አየር ይቀንስለታል። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ከሆኑ ለብቻቸው ከሚሄዱት ይፈጥናሉ። ነገር ግን ይህ የሚሠራው በትልቅ ፍጥነት ነው። በባጃጅ ፍጥነት የሚገኘው ትርፍ እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ የሚገኘው ኪሳራ ግን ያው የተሰነጠቀ ቅንድብ ነው።

ለልጁ ያስነበብሁት ሌላ ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 ታላዴጋ በሚባለው ሜዳ ቢል ኤልየት የተባለ ሹፌር በማጣሪያው በሰዓት 342 ኪሎ ሜትር ገደማ ነዳ። በዚያው ሳምንት በተካሄደው ውድድር የቦቢ አሊሰን ጎማ ፈነዳና መኪናው ተነሥቶ ተመልካች ከተቀመጠበት አጥር ጋር ተላተመ፤ ተመልካቾች ቆሰሉ። በማግስቱ ዓመት በዴይቶናና በታላዴጋ ወደ ሞተር የሚገባውን አየር የሚያጠብ ወንፊት መሰል ብረት እንዲገጠም ታዘዘ። የመፍጠን ባለሙያዎቹ ‹‹ከመጠን በላይ ፈጠንን›› ብለው ራሳቸውን ቀነሱ።

ጎማ በምን ያህል ጊዜ ይቀየራል?

ጎሚስታ ዘመዶቼ ይህን ሲያዩ ጭንቅላታቸውን ይዘዋል። አምስት ሰዎች ግንቡን ዘለው ይገባሉ። አንዱ ክሪኩን አንድ ጊዜ ተጭኖ መኪናውን ያነሣል፤ ሁለቱ ብሎን ይፈታሉ፤ አንዱ ጎማ ያቀብላል፤ አንዱ ነዳጅ ይቀዳል። ድሮ አንድ ጎማ በአምስት ብሎን ነበር የሚታሰረው፤ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መሐሉ ላይ ባለ አንድ ትልቅ ብሎን ሆነ። አራት ጎማ ቀይሮ፣ ነዳጅ ቀድቶ ለመውጣት አሥር ሰከንድ ገደማ ይበቃል።

እዚህም ሕግ አለ። ጎማ ወደሚቀየርበት መስመር ሲገቡ የፍጥነት ገደብ አለ፤ እንደየሜዳው በሰዓት ከ50 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ባለው መካከል ነው። ሰው በእግሩ የሚሠራበት ቦታ ነዋ! ያለፈ ሰው ይቀጣል፤ ወደ ኋላ ይሰለፋል። ሌላው ቦታ 300 የሚነዳው ሰው፣ ሰው ሲያይ ቀስ ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ልጁ በደብተሩ ላይ ከሥሩ አሰመረበት፤ እኔ አላዘዝሁትም።

ሹፌሩ ሲጠማው፣ ሽንቱ ሲመጣስ?

ልጅ የሚጠይቀው ይህን ነው፤ እውነቱን ነገርሁት። መኪናው ውስጥ ያለው ሙቀት 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል፤ ሹፌሩ እሳት የማይበላው ወፍራም ልብስ ለብሷል። በአንድ ውድድር ሁለት ሦስት ኪሎ የሚያህል ላብ ይወጣዋል። በቱቦ ይጠጣል። ለሽንት የሚቆምበት ጊዜ የለም። አብዛኛው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይገባል፤ ያልቻለው እዚያው ይለቀዋል። ልጁ ስቆ ሊሞት ደረሰ።

አንገቱ ታስሯልና ጎኑን አዙሮ ማየት አይችልም። ስለዚህ ከላይ ጣሪያ ላይ ቆሞ ‹‹በቀኝህ አለ፣ አሁን አለፈህ›› እያለ በሬዲዮ የሚነግረው ሰው አለው። እኛ ረዳት እንለዋለን፤ በገደል አፍ መኪና ስናዞር ወርዶ ‹‹ና… ና… በቃ!›› የሚለን ልጅ ማለት ነው። የስንቱ ሹፌር ነፍስ በረዳት አፍ እንደተረፈ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የሕይወታቸው ነገር እንደኛው ነው፤ ከቤት መራቅ ነው። ውድድሩ ከየካቲት እስከ ኅዳር ሠላሳ ስድስት ጊዜ፣ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል፣ ከከተማ ከተማ ይዞራል። ብዙዎቹ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ሜዳው አጠገብ በሚቆም የቤት መኪና ያድራሉ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ‹‹አየህ!›› አለችኝ። እኔ ደግሞ መልስ አልነበረኝም። ከልጆቼ አንዷ የተወለደችው እኔ ደሴ ጎማ ሳስጠግን ነው።

እኛን የመሰለ ሹፌር አለ?

አለ። ዌንደል ስኮት ይባላል፤ የቨርጂኒያ ግዛት፣ የዳንቪል ከተማ ሰው ነው። ታክሲ ነድቷል፣ አረቄም ጭኗል፤ መኪናውን የሚሠራው ራሱ ነው፣ ረዳቶቹም ልጆቹ ነበሩ። ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ በሚኖርበት ዘመን፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 1963 (እ.ኤ.አ.) ፍሎሪዳ፣ ጃክሰንቪል ላይ አሸነፈ። ዳኞቹ ግን ሌላ ሰው አሸነፈ ብለው ዋንጫውን ሰጡ። ከሰዓታት በኋላ፣ ተመልካቹ ከተበተነ ወዲያ፣ ያሸነፈው እሱ መሆኑን አመኑ። ዋንጫውን ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1990 ሞተ። ቤተሰቡ በክብር የተቀበለው በ2021 ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ቡባ ዋላስ የሚባል ጥቁር ወጣት ታላዴጋ ላይ በማሸነፍ ከእሱ ቀጥሎ ሁለተኛው ሆነ። ከቡድኑ ባለቤቶች አንዱ የቅርጫት ኳሱ ማይክል ጆርዳን ነው።

‹‹ስኮት ሕጉ ሲበድለው ለምን አልተወውም?›› ብሎ ጠየቀኝ። ያጠፉት ዳኞቹ እንጂ ሕጉ እንዳልነበረ ነገርሁት። የቆጠራው ደብተር በትክክል ሲታይ የበላይ የነበረው እሱ ነበር።

አይሞቱም?

ይህን ሲጠይቅ ድምፁ ቀነሰ። ይሞቱ ነበር።

ፔቲ የሚባል ቤተሰብ አለ። አያት ሊ ፔቲ የመጀመሪያውን የዴይቶና 500 ውድድር በ1959 አሸነፈ። ልጁ ሪቻርድ 200 ጊዜ አሸንፎ ‹‹ንጉሡ›› ተባለ። የሪቻርድ ልጅ ካይልም ሹፌር ሆነ። የካይል ልጅ አዳም አራተኛው ትውልድ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ለልምምድ ሲነዳ ከግንብ ጋር ተጋጭቶ ሞተ፤ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አባቱ በስሙ፣ የጸና ሕመም ላለባቸው ልጆች መዝናኛ የሚሆን ሰፈር አሠራለት።

በዓመቱ፣ የካቲት 18 ቀን 2001፣ ዴል ኧርንሃርድት የተባለው ታላቅ ሹፌር የዴይቶና 500 የመጨረሻው ዙር፣ የመጨረሻው ኩርባ ላይ ከግንቡ ጋር ተጋጨ። ከውጭ ሲያዩት ከባድ አይመስልም ነበር። የራስ ቅሉ ሥር ተሰብሮ ሞተ። ልጁ በዚያው ውድድር ከፊቱ ነበረ፤ ሁለተኛ ወጣ። ጭንቅላትን ከትከሻ ጋር የሚያስር መሣሪያ ያን ጊዜም ነበረ፤ ብዙዎቹ ግን ‹‹ያጨናንቀናል›› ብለው አያደርጉትም ነበር፤ እሱም አላደረገውም።

በዚያው ዓመት ጥቅምት መሣሪያው ግዴታ ሆነ። ከ2002 ጀምሮ ደግሞ ግንቦቹ ላይ ግጭቱን የሚውጥ የብረትና የስፖንጅ አጥር ይገጠም ጀመር። ከኧርንሃርድት ወዲህ በዋናው ውድድር ላይ የሞተ ሹፌር የለም። በ2020 ራያን ኒውማን የተባለው ሹፌር ዴይቶና ላይ ተገልብጦ ሌላ መኪና በሹፌሩ በኩል ሲገጨው ‹‹አለቀ›› ተብሎ ነበር። ሁለት ቀን ሳይሞላው የሁለት ሴት ልጆቹን እጅ ይዞ በእግሩ ከሆስፒታል ወጣ። ፎቶውን ለልጁ አሳየሁት። ለረጅም ጊዜ አየው።

እኔስ መሆን እችላለሁ?

‹‹አትችልም›› አላልሁትም። በዋናው ውድድር ለመሰለፍ አሥራ ስምንት ዓመት መሙላት ግድ ነው፤ እኛም አገር መንጃ ፈቃድ የሚገኘው በዚያው ዕድሜ ነው። እስከዚያ ፊዚክሱን ያጥና፤ ጋራዥ ገብቶ ብሎን መፍታት ይልመድ። ፍጥነት ቦታ እንዳለው ግን ደጋግሜ ነገርሁት፤ ቦታው ግንብ፣ ቀበቶ፣ ሐኪም፣ ባንዲራ ያለበት፣ በግም ሽማግሌም የማያቋርጠው ሜዳ ነው።

አበበ ቢቂላንም አነሣሁለት። በሮም በባዶ እግሩ፣ ከዚያም በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈ፣ ዓለም ያልቀደመው ሰው ነው። በ1961 ዓ.ም. በቮልስዋገን መኪናው ሲነዳ አደጋ ደረሰበትና ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ከዚያም በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውድድር ተካፈለ፤ ልቡ አልተሸነፈም። መንገድ ግን የወርቅ ሜዳሊያ አያይም።

‹‹አባባ፣ አንቱስ ተወዳድረው ያውቃሉ?››

ይህ በደብተሩ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ለሦስት ሳምንት ‹‹ነገ›› እያልሁ አሳለፍሁት።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ነው። ከላሊበላ ሰው ሞልቼ ወደ ወልድያ እወርዳለሁ። ጋሸና ላይ ሌላ አውቶቡስ ቀደመኝ። ድልብ ላይ መንገደኛ ይጠብቃል፤ ቀድሞ የደረሰ ይጭናል። ሽማግሌዎች ዛሬም ‹‹የቻይና መንገድ›› በሚሉት በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ተከተልሁት። ማርሽ ቀንሶ መውረድ እንዳለብኝ አውቃለሁ። እንዳይርቀኝ ብዬ ዜሮ አድርጌ ለቀቅሁት። እየተጠጋሁ ፍሬን፣ እየተጠጋሁ ፍሬን። አንዲት አሮጊት ከኋላዬ ‹‹ኧረ በእመቤታችን፣ ልጄ፣ ቀስ በል!›› አሉ። ሌላውም ተቀበላቸው። እኔ የቴፑን ድምፅ ጨመርሁት።

ከዚያ የተቃጠለ ሸራ የመሰለ ሽታ መጣ። ፍሬኑን ስረግጠው እግሬ እስከ ወለሉ ወረደ። በግራ ገደል፣ በቀኝ የተቆረጠ ተራራ ነው። ወደ ተራራው ሰጠሁት። አውቶቡሱ ጎኑን እየተፋቀ፣ መስታወቱ እየረገፈ ሄዶ ቦይ ውስጥ ቆመ። ሰው አልሞተም። እኚያ አሮጊት ክንዳቸው ተሰበረ። ልጅ ያዘለች ሴት አፈር ላይ ተቀምጣ፣ ልጇን እያገላበጠች ስታይ የነበረው እስከ ዛሬ አይጠፋኝም።

ለትራፊክ ፖሊሱም፣ ለባለመኪናውም፣ ለሚስቴም ‹‹ፍሬን እምቢ አለኝ›› አልሁ። ሠላሳ ዓመት እንደዚያው ስል ኖርሁ። ልጆቼ አባታቸውን ‹‹በጥበቡ አርባ ሰው ያተረፈ›› እያሉ ነው ያደጉት። ከዘራዬ አየር ላይ የቀረው ለዚህ ነው። ልጁ ‹‹ተጠጋው›› እያለ ያደረገውን እኔ ሰው ጭኜ አድርጌዋለሁ። እሱ ግን የልጅነት አፉ እውነቱን ነገረኝ።

ሁሉንም ነገርሁት። አያቱም ከምድጃው አጠገብ ሆና ሰማች። ምንም አላለችም፤ ቡናውን ቀዳችና መጀመሪያ ለእኔ ሰጠችኝ።

ልጁ ብዙ ዝም አለና ‹‹ያን ጊዜ ቢጫ ባንዲራ ቢኖር ይታዘዙ ነበር?›› አለኝ።

‹‹ነበረኮ›› አልሁት፤ ‹‹እኚያ አሮጊት ነበሩ።››

ወላጆችና አያቶች፣ ከዚህ ደብተር የተማርሁትን በአጭሩ ልንገራችሁ። ልጁ የሚያየውን አብራችሁ እዩት፤ የፍጥነቱን ብቻ ሳይሆን የሕጉንም ክፍል እንዲያይ ጠይቁት። ‹‹ይህ ባንዲራ ለምን ወጣ? ይህ ሰው ለምን ተቀጣ?›› በሉት። መኪና ላይ ስትሳፈሩ ቀበቶ ካለ እሰሩ፤ ሕፃን ታቅፋችሁ ከሹፌሩ ጎን አትቀመጡ። ሹፌሩ ከመጠን በላይ ሲነዳ ደግሞ ዝም አትበሉ። በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ እንደማይለይ ሁሉ፣ ‹‹ቀስ በል›› ለማለትም ሹመት አያስፈልግም። ሹፌሩ ቢቆጣም፣ ቴፑን ቢያስጮኸውም ድገሙት። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን አምስት ጊዜ ቢሉኝ ኖሮ ምናልባት ማርሽ አስገባ ነበር።

የልጁ ቅንድብ ድኗል፤ ጠባሳው ቀርቷል። የባጃጁ ባለቤት ልጅም አሁን እየመጣ ከእኛ ጋር ያያል። ባለፈው ሳምንት ሁለቱ ተከራክረው አንድ አዲስ ጥያቄ ደብተሩ ላይ ጻፉ፤ ‹‹ሽምሽሃ መንገድ ላይ በግ ሲያቋርጥ የሚውለበለበው የትኛው ባንዲራ ነው?›› ይላል። ከሥሩ እኔ በእጄ ‹‹ቢጫ›› ብዬ ጻፍሁ።